ፕላስተር የተለጠፈበት ሶኬት

ላፕቶፑ ያንን ድምፅ ማሰማት የጀመረው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቀጭ ይላል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ቀጭ ቀጭ ይላል። መጀመሪያ የግድግዳው ሰዓት መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ሰዓቱ ባትሪ አልቆበት ከቆመ ወር አልፎታል። ጆሮዬን ወደ ላፕቶፑ ሳስጠጋ ድምፁ ከመዳፌ ስር እንደሚመጣ ገባኝና ክው አልኩ።

ላፕቶፑ ውስጥ አባቴ ነበር።

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት፣ ከቤት መውጣት ካቆመ በኋላ፣ እሁድ እሁድ እየሄድኩ ስልኬን ከስኳር ቆርቆሮው ጋር አስደግፌ እቀርጸው ነበር። ቀራጭነቱ አልተዋጣልኝም። ስልኩ እየተንሸራተተ የቪዲዮው ግማሽ ጣሪያ ነው፣ ግማሹ ደግሞ የአባቴ እጅ። ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነው። ዕድሜውን በከተማ አውቶቡስ ሹፌርነት የጨረሰ ሰው ስለነበር ወሬው ሁሉ መንገድ ነው። ገርጂ ስንዴ ሲዘራበት፣ ከመገናኛ ወዲያ ያለው ሁሉ ገጠር ሲባል፣ ዶሮ ይዛ የተሳፈረችው ሴትዮ ከትኬት ቆራጩ ጋር የተጣላችው ጠብ። አሥራ አንድ ቪዲዮ ነበረኝ። ስልኩን መገናኛ ታክሲ ስጋፋ ሌባ ወሰደው። ደግነቱ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ቪዲዮዎቹን ወደ ላፕቶፑ ገልብጫቸው ነበር፤ ተመስገን ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ቅጂ ብቻ እንደቀረኝ ያኔውኑ ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም።

ይሄ ደግሞ ለእኔ ያሳፍራል። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። እንጀራ የምበላው የሰው ስፌት ላይ ስህተት ፈልጌ ነው። አንድ ክር ከመስመሩ ከወጣ ሸሚዙን እመልሳለሁ፤ ልጆቹ ከኋላዬ የሚሉኝን አውቃለሁ፣ አይገርመኝም። ቤቴ ስገባም ይሄው ዓይኔ አብሮኝ ይገባል። ጋዙ ተዘግቷል? በሩ ተቆልፏል? እያልኩ ሁለት ሦስት ጊዜ እመለሳለሁ። እንዲህ ያለች ሰው ናት እንግዲህ የአባቷን ድምፅ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ዓመት ሊሞላ እስኪደርስ የተወችው።

በዚያው ቅዳሜ ወርጄ ከመንገድ ዳር ፍላሽ ገዛሁ። ላዩ ላይ ትልቅ ቁጥር ተጽፎበታል፣ ያብረቀርቃል። ገለበጥኩ። አሥራ አንዱም ስማቸው ተደርድሮ ሲታየኝ ትንፋሼ መለስ አለ። ከሰዓት በኋላ አንዱን ልክፈት ብል እምቢ አለ። ሁለተኛውም እምቢ። ስም ብቻ፣ ውስጡ ባዶ። ሰኞ ለፋብሪካችን የኮምፒውተር ባለሙያ ሳሳየው አገላብጦ አየውና መለሰልኝ።

«ፎርጅድ ነው» አለኝ። «የሚችለው ትንሽ፣ የሚያወራው ብዙ።»

ኢንተርኔት ላይም ሞክሬ ነበር። የአንዱ ቪዲዮ ግማሽ ሲደርስ መስመሩ ይቋረጥና ከዜሮ ይጀምራል። ባለሙያው ይሄንንም ከሰማኝ በኋላ ቤት ዋይፋዩ ጎን የሚቀመጥ፣ ሁለት ዲስክ የሚይዝ ማከማቻ እንድገዛ መከረኝ። ስልክሽም ላፕቶፕሽም በዋይፋዩ እዚያ ይገለብጣሉ፣ አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው ላይ ያው ነገር አለ፣ ሥራ ቦታ ሆነሽ እንኳን በስልክሽ ታይዋለሽ አለኝ። ያቺ የመጨረሻዋ ነገር ልቤን ወሰደችው። ሥራ ቦታ ሆኜ ማየት! ለእንደኔ ያለ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን አለ?

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ የገበያ ሕንፃ ውስጥ ገባሁ። ሻጩ ሽቶ ሽቶ የሚሸት፣ ፈገግታው የማይጠፋ ወጣት ነው።

«ሲስ፣ ዳታሽ ምን ያህል ነው?»

«አሥራ አንድ ቪዲዮ፣ ከዚያ ፎቶዎች።»

«ኖ፣ አሁን ያለሽን አይደለም፣ ፊውቸሩን አስቢ። ፎር ቤይ ውሰጂ። ካሜራ ትገጥሚበታለሽ፣ ሙቪ ታዪበታለሽ...»

አራት ዲስክ የሚይዝ፣ እንደ ትንሽ ምድጃ የሚያህል ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። እኔ ሙቪ አልፈልግም። ጣሪያ የሚያሳይ፣ እጅ የሚያሳይ፣ ዶሮ ስለያዘች ሴትዮ የሚያወራ ነገር ነው ማስቀመጥ የምፈልገው። ይሄንን ለዚያ ልጅ ማስረዳት አቃተኝና አስቤበት እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። እንደማልመለስ እሱም አውቋል።

ሃያ ሁለት ሰፈር ያገኘሁት ሱቅ ጠባብ ናት። ባለቤቱ ሃምሳ የተሻገሩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚረሱ ሰው ናቸው። ግድግዳው በተፈቱ ኮምፒውተሮች የተሞላ ነው። የማስቀምጠው ምን እንደሆነ ሳይሆን የማን እንደሆነ ነው የጠየቁኝ።

«ጋሼ፣ የአባቴ ድምፅ ነው» አልኳቸው።

«ነፍሳቸውን ይማር። ሁለት ዲስክ ያለው ይበቃሻል፣ እህቴ። ግን ስሚኝ። ሁለት ዲስክ አለ ማለት ሁለት ቦታ አስቀመጥኩ ማለት አይደለም። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ገመድ ላይ ናቸው። ጉዳት ከመጣ ለሁለቱም ይመጣል። ሌላ ቅጂ አውጪና ለምታምኚው ሰው አደራ ስጪ። አሮጌውን ደግሞ ገለበጥኩ ብለሽ እንዳትጥዪ። መብራት ሲጠፋ የሚይዝልሽ ዩፒኤስም ያስፈልግሻል።»

እሺ፣ እሺ፣ እሺ አልኩ። ቅጂውንና ዩፒኤሱን ለደመወዝ ሰሞን አስተላለፍኩና ማከማቻውን ይዤ ወጣሁ። የዚያን ቀን ሰውዬው ዕቃ ሊያስገዙኝ ነው ብዬ በልቤ ጠርጥሬያቸው ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

እናቴ አባቴ ካረፈ በኋላ ሰሚት እኔ ያለሁበት ኮንዶሚኒየም መጥታ አብረን ነው የምንኖረው። ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣና አንድ ክምር ዳንቴል ነው። ሁሉንም ራሷ ነች የሠራቻቸው። በሳምንቱ ቴሌቪዥኔ ዳንቴል ለበሰ፣ ፍሪጄ ለበሰ፣ ዋይፋዩ ሳይቀር ለበሰ። ማከማቻውን ቡፌው ላይ አስቀምጬ ገመዱን በሰካሁ በማግስቱ ከሥራ ስገባ እሱም ነጭ ዳንቴል ደርቦ ተቀምጧል።

«እማዬ፣ ይሄ መተንፈስ አለበት፤ ይግላል።»

«አቧራ ይገባበታል እኮ።»

«ይግባበት።»

«ራቁቱን ያስጠላል» አለችና እየቆጫት አነሳችው።

ውስጡ ምን ሊቀመጥ እንደሆነ ነግሬያታለሁ። ቪዲዮዎቹን አንድ ቀን እንኳን ሰምታቸው አታውቅም፤ ልከፍትላት ስል ትነሳለች። «ነፍሱን ይማር ብለን ሸኝተነዋል፤ አሁን ደግሞ በማሽን ታስለፈልፊዋለሽ?» ነው መልሷ። ስለዚህ ነገሩ የእኔ ጭንቀት ብቻ ነው፣ እሷን አይነካትም ብዬ ደምድሜ ነበር።

መገልበጡ ግን አልሄድ አለ። የላፕቶፑ ዲስክ እየታመመ ስለሆነ አንዷን ቪዲዮ ለማንበብ ሰዓታት ይፈጃል፤ ቀጭ ይላል፣ ይቆማል፣ ያስባል፣ ይቀጥላል። ባትሪው ደግሞ ከሞተ ቆይቷል፤ ከሶኬት ከተነቀለ ወዲያው ይጠፋል። ጠዋት አስጀምሬ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ፋብሪካው ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ ሎከር ውስጥ እንተዋለን። በሻይ ሰዓት ሮጬ ከፍቼ ሳይ ስክሪኑ ላይ አንድ መልእክት ይጠብቀኛል። መሣሪያው አልተገኘም።

«እማዬ፣ ነቀልሽው?»

«እንዴ! ደመና ነው እኮ።»

በማግስቱም አልተገኘም። «ቤተክርስቲያን ልሳለም ስወጣ ነዋ! ቤት ባዶ ጥዬ ሶኬት ላይ ልተወው?» በሦስተኛው ቀን መብራቱ አንዴ ብልጭ ስላለ። በአራተኛው ቀን ምክንያቱን መጠየቅ ተውኩ።

ይሄ ነገር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ገና አዲስ የነበረውን ቴሌቪዥናችንን አቃጥሎት ነበር። አባቴ ኳስ ሊያይበት ስንት ጊዜ የጠበቀው ቴሌቪዥን ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቤት ሲወጣ፣ ዝናብ ሲያጉረመርም፣ መብራት ብልጭ ሲል አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሶኬት?» ይላል። እናቴ ካለችበት ክፍል «ነቅያለሁ!» ትላለች። ደህና ዋሉ ሳይባባሉ የወጡበት ቀን ይኖራል፤ ይሄን ሳይባባሉ የወጡበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። እሱ ከሞተ በኋላ የሚጠይቅ የለም፣ እሷ ግን መንቀሏን አልተወችም።

ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ነው እንግዲህ የጮህኩባት። ሳምንቱ አልቆ ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ብቻ ነበር የተገለበጡት። ላፕቶፑ የሚያሰማው ድምፅ እየባሰበት ነው፤ እያንዳንዱ ቀጭታ እኔን ነው የሚወጋኝ። ቤት ስገባ እንደገና ተነቅሏል፣ ዳንቴሉም ተመልሷል። ቦርሳዬን እንኳን ሳላስቀምጥ አፌ ተከፈተ።

«አባዬን አንድ ጊዜ ቀብረነዋል! አንቺ ደግሞ በየቀኑ ትነቅዪዋለሽ!»

እናቴ ዳንቴሉን አነሳች፣ አጣጥፋ ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። የተናገርኩትን መልሼ መዋጥ ብችል እውጠው ነበር፤ ግን እልኬም አልወጣልኝም። የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር አመጣሁና የማከማቻውንና የላፕቶፑን መሰኪያ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ደጋግሜ ለጠፍኩት። ላዩ ላይ በትልቁ «አይነካም» ብዬ ጻፍኩበት። በፋብሪካው የተበላሸ ዕቃ ላይ የምንለጥፈው እንደዚሁ ነው።

ሠራ። ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም። በሦስት ቀን ውስጥ አሥራ አንዱም ገቡ። በሻይ ሰዓት ስልኬን ከፍቼ ስሞቹን አየሁ፤ ከፍላሹ ተምሬያለሁና አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ጣሪያ አለ፣ እጅ አለ፣ ድምፅ አለ። ሻዬን ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ያን ሳምንት ጋዙን አንድ ጊዜ ብቻ አይቼ ነው የተኛሁት።

ቅዳሜ ላፕቶፑን ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ለእናቴ «ቆራሌው ሲመጣ ስጪው» አልኳት። አሮጌ ዕቃ በላስቲክ ዕቃ እየለወጠ በየብሎኩ የሚዞረውን ሰውዬ ማለቴ ነው። ያ ድምፅ ቤቴ ውስጥ እንዲቀጥል አልፈለግኩም። እናቴ እሺ አለችኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሻወር ቤት አዲስ አረንጓዴ ሳፋ አየሁ፤ ነገሩ አልቋል ብዬ ተውኩት። የማከማቻው መሰኪያ ላይ የለጠፍኩትን ፕላስተርም አላነሳሁትም። ዩፒኤሱ ለሚቀጥለው ደመወዝ፣ አደራ የሚሰጠው ቅጂም ለሚቀጥለው ደመወዝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሐምሌ ውስጥ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ለሻይ ወጥቼ ሎከሬን ስከፍት እናቴ አምስት ጊዜ ደውላ አገኘሁ። እናቴ አምስት ጊዜ አትደውልም። አንዴ ደውላ ካልተነሳላት «ሥራ ይዛ ይሆናል» ብላ የምትተው ሰው ናት። ወዲያው መልሼ ደወልኩ።

«መብራት ሄዶ ነበር» አለችኝ። ድምፏ ቀጥኗል። «ፍሪጁንም ቴሌቪዥኑንም ነቀልኩ። ያንቺን ግን አይነካም ብለሽ ስለጻፍሽ... ልጠይቅሽ ብዬ ነው የደወልኩት።»

«እና?»

«እና መጣ። ኃይለኛ ነበር፤ አምፖሉም ፈነዳ። አሁን የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል።»

አለቃዬን እንዴት እንዳስፈቀድኩ አላስታውስም። የሰርቪስ መኪናችን ገና ሁለት ሰዓት ስለሚቀረው በዝናቡ ውስጥ ባጃጅ ያዝኩ። መንገዱ በውሃ ተሞልቶ እያንዳንዱን ጉድጓድ እየጠየቅን ነው የምንሄደው። ስልኬን አሥር ጊዜ ከፈትኩት። መሣሪያው አልተገኘም። መሣሪያው አልተገኘም። እናቴ ነቅላው ነው ብዬ ለራሴ ልዋሽ ሞከርኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን እንድትነቅልልኝ የተመኘሁበት ቀን የለም።

ሕንፃችን ጋ ስደርስ ደረጃው ላይ ሰው ወጥቶ ይጯጯኻል። የአንዱ ፍሪጅ ሄዷል፣ የሌላው ቴሌቪዥን፣ የታችኛዋ ጎረቤታችን ምድጃ። መንስኤውን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። አንዷ ሴትዮ ስታየኝ «እናትሽ ግን የተባረኩ ናቸው፤ የእናንተ ቤት ሁሉም ደህና ነው» አለችኝ።

እናቴ ቡፌው አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ስልኩ እጇ ላይ ነው። ኋላ እንደነገረችኝ መብራቱ ሄዶ እስኪመለስ ድረስ እዚያው ቆማ ነበር፤ አንድ እጇ ፕላስተሩ ላይ፣ አንድ እጇ ለእኔ እየደወለ። በቢላ ቢቆርጡት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። የአባቴን ደንብ ታውቃለች፣ የእኔን ቁጣ ደግሞ ቀምሳዋለች፤ ከሁለቱ የእኔን ፈራች።

ማከማቻው ከኋላው ጠቁሯል። ሳልነቅለው ነካሁት፣ አሁንም ትኩስ ነው። ፕላስተሩን መላጥ ጀመርኩ። ደጋግሜ ስለለጠፍኩት እምቢ አለ፤ በጥፍሬ፣ በጥርሴ። እየላጥኩ ማልቀስ ጀመርኩ። በአባቴ ቀብር ቀን እንግዳ ሳስተናግድ ያልወጣልኝ ለቅሶ ያን ጊዜ ወጣ። በእናቴ ላይ መናደድ ፈልጌ ነበር፣ እንዴት ያለ ሰው ነኝ፤ ግን የምናደድበት ምክንያት አጣሁ። «አይነካም» የሚለው የራሴ ጽሕፈት ነው።

«ሁለቱም ዲስክ ቢቃጠል...» አልኩ። «ላፕቶፑንም ለቆራሌ አሰጠሁሽ። አለቀ፣ እማዬ። አባዬ አለቀ።»

እናቴ ወደ ክፍሏ ገባች። ሻንጣዋን ከአልጋ ስር ስትጎትት ሰማሁ። ስትመለስ በነጭ ዳንቴል የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጇ ይዛለች። ላፕቶፑ ነው። ገመዱን እንኳን ጠቅልላ በክር አስራዋለች።

«አባትሽ ያለበትን ዕቃ ለቆራሌ እሰጣለሁ?» አለች።

«ሳፋውስ?»

«በተሰበረው ወንበር ነው የወሰድኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትቆጪኛለሽ ብዬ።»

እንዲህ ስትል ድምፏ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ እንዲያው ነገሩን መንገሯ ነው። እኔ ግን ያቺ ቃል እስካሁን ትከነክነኛለች። አባቴ የሚነዳው አውቶቡስ ውስጥ ማንንም ተቆጥቶ አያውቅም ትለኝ ነበር።

ላፕቶፑን አልከፈትነውም። ሃያ ሁለት ወዳለው ሱቅ ስደውል ሰውዬው «እንዳትነኪው፤ አንዴ የሚነሳ ከሆነ ያቺን አንዴ እኔ ጋ ትሁን» አሉኝ። በማግስቱ ፈቃድ ወስጄ ወደ ሃያ ሁለት ሄድን። እናቴ አብሬ ካልሄድኩ አለች፤ ታክሲ ውስጥ ላፕቶፑን ከነዳንቴሉ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ረዳቱ «ማዘር፣ ኋላ ላስቀምጥልዎት» ሲላት እጇን አጠበቀች።

ሰውዬው መጀመሪያ የተቃጠለውን ማከማቻ ፈቱት። አሸተቱት፣ አገላበጡት፣ ሁለቱንም ዲስኮች በየተራ ሰኩ። ጸጥ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ እንዲህ ብዬሽ ነበር አላሉኝም፤ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ዩፒኤስ ስንት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ከዚያ የላፕቶፑን ዲስክ አወጡና በአንድ ገመድ ከራሳቸው ኮምፒውተር ጋር አገናኙት። ቀጭ። እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይዛለች። ቀጭ ቀጭ። ስሞቹ መጡ።

«ትንንሾቹን አስቀድመን እንውሰድ» አሉ። «እናት፣ ይቀመጡ፤ ይሄ ጊዜ ይወስዳል።»

ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ድረስ እዚያ ተቀመጥን። ስክሪኑ ላይ ያለችው አረንጓዴ መስመር ትሄዳለች፣ ትቆማለች። አንድ ገባ። ሁለት። አምስት። ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ገብቶ በቻርጀር ዋጋ ሲከራከር ጠረጴዛውን ቢነካው ዲስኩ ይደነግጣል ብዬ ደንበኛውን በዓይኔ ልገለው ነበር። ዘጠኝ። አሥረኛው ግማሽ ላይ ሲደርስ ያ ቀጭታ ፈጠነ፣ ፈጠነና ቀረ። ሰውዬው ጠበቁ፣ ነቀሉ፣ ሰኩ፣ ጠበቁ። ዲስኩ ከዚያ በኋላ ድምፅ አላሰማም።

«ዘጠኝ ተርፏል፣ እህቴ። ሁለቱ የሉም።»

የትኞቹ ሁለቱ እንደቀሩ ጠየቅኳቸው። ስማቸው ቁጥር ብቻ ነው፤ የትኛው እሁድ እንደሆኑ አላውቅም። አባቴ በእነዚያ ሁለት እሁዶች ምን ብሎ እንደነበር ዛሬም አንዳንዴ ሰርቪስ ውስጥ ተቀምጬ ለማስታወስ እሞክራለሁ። ዶሮ የያዘችዋ ሴትዮ ተርፋለች። ሌላውን እንጃ።

ዘጠኙን ሦስት ቦታ እንዲገለብጡልን ተስማማን። አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ እናቴ ሻንጣ ውስጥ፣ አንዱ አያት በምትኖረው አክስቴ ቤት በአደራ። ሰውዬው ግን ከመገልበጣቸው በፊት እጃቸውን አነሱ።

«ስሙ መኖሩ አይበቃም። አንዱን ከፍተን እንየው።»

ይሄን ስትሰማ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። «እኔ ውጪ እጠብቃችኋለሁ» አለች። አልከለከልኳትም። የመስታወቱ በር ጋ ደርሳ እጀታውን ስትይዝ ሰውዬው ቪዲዮውን ከፈቱት።

ጣሪያው መጣ። የድሮው ቤታችን ጣሪያ፣ በዝናብ የተበላሸችው ጥጉ ሳትቀር። ከዚያ የአባቴ ድምፅ፣ ሳል ሳል እያደረገው፣ ስለ ቦሌ መንገድ መጠረግ። ሁለት ደቂቃ ያህል አወራ። እናቴ በሩን አልከፈተችውም፣ ፊቷንም አልመለሰችም። ድንገት ስክሪኑ ጨለመ። ይሄም ቪዲዮ ጠፋብን ብዬ ከወንበሬ ብድግ ስል ድምፁ ቀጠለ፤ የጨለመው መብራት ሄዶ ነው፣ የዚያን እሁድ ማታ መብራት።

«ኤዲያ፣ ይሄ መብራት» አለ አባቴ በጨለማው ውስጥ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሶኬት?»

«ነቅያለሁ!» አለች እናቴ።

በሩ ጋ ሆና ነው የመለሰችው፤ ጮክ ብላ፣ ሰውዬው ዘወር ብለው እስኪያዩዋት። ወዲያው ከስፒከሩ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ከድሮው ማድቤታችን ሌላኛዋ እናቴ መለሰች።

«ነቅያለሁ!»

አባቴ «ጎሽ» አለና ወደ መንገዱ ወሬ ተመለሰ። ሰውዬው ግራ ገብቷቸው ቪዲዮውን ሊያቆሙት እጃቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ሰደዱ። እናቴ ከበሩ ተመልሳ መጣች። ዳንቴሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ተወው» አለቻቸው። «ድምፁን ትንሽ ጨምርልኝ፣ ልጄ።»